ቤት የሚይዝ መኪና

መንገድ ሠሪዎቹ ካምፑን ሲነቅሉ፣
"ጎማ ያለው ቤት ነው፣ ማን ይወስዳል?" ሲሉ፣
እጄ ቀድሞኝ ወጣ ሳልመክር ከልጄ፤
እንዲህ ባለ ቤት ሆንኩ፣ በገዛ እጄ።

ሁለት መስኮት አለው፣ የቆርቆሮ በር፣
መሐንዲሱ የጻፈው ግድግዳው ላይ ቁጥር፤
ሦስት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ይበቃል፣
ለልክ የቆመ ሰው ራሱን ይጠብቃል።

ሐሳቤ አጭር ነው፦ ገበያው ካልመጣ፣
እኔ ወደ ገበያው ከነቤቴ ልውጣ።
ዛሬ መዘዞ ላይ፣ ነገ ደብረ ሲና፣
ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ የደጋው ብርድ ሲጠና።
ቤቱስ ተገኘልኝ፤ የት አለ ጎታቹ?
"በሬ ጥመጂበት" ይሉኛል ልጆቹ።

ጋሽ ተክለየስ ማግኔት ቋጥሮ በመሐረብ፣
ጠዋት ወጣን አብረን፣ ውርጩ ሳይረግብ።
አሮጌ መኪና ነው አቅሜ የሚደርሰው፣
አራቱም ጎማው የሚስብ፣ ጭቃ የማይመልሰው።

የመጀመሪያዋ ነጭ፣ ታጥባ የቆመች።
ደላላው ሙላው ሲምል፦ "ከውጭ አሁን መጣች፣
የነዳት ዶክተር ነው፣ ያውም ቀስ እያለ!"
ማግኔቱ ግን በሯ ላይ መች ተጣብቆ ዋለ፤
ወደቀ። ስቱኮ ነው ከጎኗ እስከ ራሷ።
ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ገባኝ አለባበሷ፦
ተገልብጦ የተሰፋ ኮት ላንድ በዓል ያስጌጣል፣
ዝናብ ካገኘው ወዲያ ገመናው ይወጣል።

የሁለተኛዋ ሞተር ሲያገሳ፣
የጎረቤት ውሻ ደንግጦ ተነሣ።
"ተራራ ትንዳለች!" አለ ባለቤቷ፣
"ሽቅብ ሲሏት ጊዜ ማን ቆሞ ከፊቷ?"
ጋሽ ተክለየስ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ።
እግሩ ብቻ ይታያል።
ብዙ ቆየ።
ሲወጣ ጉልበቱን እያራገፈ፦
"ሻንሲዋ ተሰብሮ ተበይዷል። እንሂድ።"

መንገድ ላይ ቆሎውን እየቆረጠመ ነገረኝ፦
"ለሽቅቡማ ልጄ፣ ሁሉም ጉልበት አለው፤
ጣርማበርን ስትወርጂ ነው ነገሩ የሚለየው።
ሽቅብ ስትሄጂ ቤቱን ትስቢዋለሽ፣
ቁልቁል ግን ቤቱ ነው አንቺን የሚገፋሽ።
የሚስብ ሞልቷል። የሚይዝ ፈልጊ።"

የቀድሞ ባሌ ትዝ አለኝ።
እሱም ሽቅብ ላይ ጎበዝ ነበር።

ሦስተኛዋ ጠባሴ፣ ካጥር ጥግ ቆማ፣
ዶሮ ታቅፋባት፣ አቧራ ተሸክማ።
ቀለሟ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግን ጽሑፍ፣
"የወባ ማጥፊያ..." ይላል፣ ቀለሙ ሲገፈፍ።
አቶ ሸዋንግዛው፣ ሾፌሯ የነበሩ፣
ሳንጠይቃቸው ነው ጉድለቷን የቆጠሩ፦
"ሁለተኛ ማርሿ፣ ካልያዙት፣ ይዘላል፤
ግራ መስኮቷ አይዘጋም፣ ብርዱ ሰተት ይላል፤
አራቱ ጎማ እንዲስብ፣ ወርደሽ ነው፣ በእጅሽ፤
ይህን ሁሉ ሰምተሽ፣ ያኔ ግዢ ካሻሽ።
ዶሮዋ ግን የኔ ናት።"

ጋሽ ተክለየስ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፣
"ጉድለቱን የሚናገር ሻጭ፣ ወይ ቅን ነው፣ ወይ ከሙላው የባሰ" አለኝ።
ማግኔቱ ግን በሯን ይዞ አልለቅ አለ።

ለሙከራ ቤቱን በጋንቾ ጠለፍን።
ጣርማበር ጉም ነው። ከፊት ጉም፣ ከጎን ጉም።
ዋሻውን እንዳለፍን መሬቱ አዘቀዘቀ፣
ቤቴ ከኋላዬ ሊገፋኝ ተናነቀ።
"በአንደኛ! ፍሬኑን ተዪው! በማርሽ ያዢያት!"
ሞተሯ አለቀሰች።
"አሁን አቁሚ" አለኝ፣ ቁልቁለቱ መሐል።
አቆምኩ።
ቤቱ አንዴ መታን፣ እንደ እንግዳ በር፤
ከዚያ ጸጥ። ከታች፣ በጉሙ ቀዳዳ፣
የደብረ ሲና ቆርቆሮ ያብረቀርቅ ነበር።

"ይዛለች" አለ ጋሽ ተክለየስ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቶ።
ወረደና ግን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ፣
መዘነው፣ ጣለው፣ ሌላ መረጠ፣
ከጎማዋ ፊት ሸጎጠ።

"ይዛለች ብለህ የለ?"
"ብያለሁ" አለ።

አቶ ሸዋንግዛው ሊብሬውን ሲሰጡኝ ጣታቸው ቶሎ አልለቀቀውም።

ዓመት አለፈኝ። ግራ መስኮቷን
ዛሬም በቁርጥራጭ ጨርቅ እደፍናለሁ።
ለዚያ ድንጋይ ግን፣ ከወንበሬ ጎን፣
ኪስ ሰፍቼለታለሁ።